ከየዓይነቱ አንድ አንድ

ጥርስ ሠሪዋ ሠላሳ አራት ዓመት ከሰው አፍ ጋር ኖራለች፤ ከሰው ጋር ኖራለች ለማለት ግን ያስቸግራል። ሐኪሞቹ የሕመምተኛውን የአፍ ልክ በካርቶን አሽገው ይልኩላታል። እሷ ጄሶ በጥብጣ ታፈስበታለች፣ በሰም ትቀርጻለች፣ ትሞርዳለች፣ ታወለውላለች፣ መልሳ ትልካለች። ባለጥርሱን አታየውም። መንገድ ላይ ቢያልፋት እንኳ ካልሳቀ አታውቀውም። መደርደሪያዋ ላይ ከወለል እስከ ጣሪያ የተደረደሩት የጄሶ መንጋጋዎች ሁሉ ፊታቸው ወደ እሷ ነው፤ አንዳቸውም ግን እንደምን አደርሽ አይሏትም። ስለዚህ ጠዋት ስትነሳ መጀመሪያ የምታደርገው የመሞረጃ ማሽኗን ማስነሳት ነው። ሥራ ባይኖርም ታስነሳዋለች። ቤት ውስጥ የሚጮኽ ነገር ሲኖር ሰው ያለ ይመስላል፤ ምን ታድርግ።

ልጅ የላትም እንዴ የሚል አይጠፋም። አላት እንጂ፤ አንድ ሴት ልጅ፣ በአውቶቡስ አርባ ደቂቃ ርቀት ላይ። እሑድ እሑድ ትደውላለች። ደህና ነሽ ወይ፣ ደህና፤ ሥራ እንዴት ነው፣ ደህና፤ በቃ ቻው። ጥርስ ሠሪዋ ይህን ስልክ ከቅዳሜ ጀምራ ትጠብቀዋለች፤ ሲመጣ ደግሞ የምትለው ይጠፋትና ማሽኑ ጋ ያለ ሥራ አለብኝ ብላ ትዘጋዋለች። ከዘጋችው በኋላ የምትለው ሁሉ ትዝ ይላታል።

ልጇ የራቀቻት በአርባ ደቂቃ አይደለም፤ በከረሜላ ነው። ብትስቁም ሳቁ፣ ነገሩ ግን እንደዚያ ነው። ትንሽ ልጅ ሳለች ማታ ከእራት በኋላ እናትየው የሥራ መብራቷን ግንባሯ ላይ አስራ «አፍሽን ክፈቺ» ትላት ነበር። አንድ ቀን አሳልፋ አታውቅም። ከረሜላ በዚያ ቤት ስሙም አይነሳም። ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ የክፍል ጓደኛዋ የሰጠቻትን አንዲት ቀይ ከረሜላ በላች፤ ማታ ምላሷ አጋለጣት። እናትየው አልመታቻትም፣ አልጮኸችባትም። ከመደርደሪያው ላይ የተበላሸ አፍ የተቀዳበትን አንድ ጄሶ መርጣ አወረደችና ሳምንት ሙሉ፣ ልጅቷ ምግብ በቀረበላት ቁጥር፣ ከሳህኗ ፊት ለፊት አስቀመጠችው። ከዚያ ወዲህ ልጅቷ በእናቷ ፊት አጣጥማ የበላችው ነገር የለም። አሥራ ስምንት ዓመት ሲሞላት ሻንጣዋን ይዛ ወጣች። ጥርሷ፣ እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ አንድ እንከን አልነበረውም።

አሁን ደግሞ ማንም የማያውቀውን ልንገራችሁ። ጥርስ ሠሪዋ ራሷ አንድም ጥርስ የላትም። የላይኛውም የታችኛውም የእጇ ሥራ ነው። በሠላሳ ሦስት ዓመቷ ድዷን አመማት፤ በዘር የሚወርድ ነው አሏት፤ ዓመት ሳይሞላ ሁሉም እያከታተለ ረገፈ። ከረሜላ በልታ እንዳይባል፣ የእሷም እናት ከእሷ የባሰች ነበረችና ጣፋጭ በአፏ ዞሮ አያውቅም። ጥርስ እሠራለሁ የምትል ሴት ባዶ አፏን ለሰው ልታሳይ ነው? ሞቷን ትመርጣለች። ስለዚህ የራሷን ሠራች። እንዳያስጠረጥራት ትንሽ አጣመመችው፣ የአንዱን ጫፍ ሸረፍ አደረገችው፤ በየአምስት ዓመቱ ደግሞ ዕድሜዋን እያየች ቢጫ ጣል ታደርግበትና እንደ አዲስ ትሠራዋለች። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት እንግዲህ ይህች ናት። ሠፈሩ አያውቅም፣ ሐኪሞቹ አያውቁም፣ ልጇም አታውቅም።

ታዲያ ባለፈው ወር ልጇ ባልታሰበ ቀን፣ ረቡዕ ዕለት፣ ደወለች። መሥሪያ ቤቷ ለአራት ቀን ሥልጠና ሊልካት ነው፤ ባሏ የሚሠራው ሌላ ከተማ ነው፤ ልጅ የምትይዝላት ጎረቤቷ ታማ ተኝታለች። ዙሪያውን ሞክራ ሞክራ ሲያልቅባት እናቷ ጋ እንደደረሰች ከድምፅዋ ይታወቃል። ጥርስ ሠሪዋ ይህ አልጠፋትም፤ ቢሆንም ደስታዋን የምታደርግበት አጣች። ያን ቀን የሁለት ሰው ጥርስ አቀያይራ ካርቶን ውስጥ ልትጨምር ምንም አልቀራትም።

የልጅ ልጅዋ ስድስት ዓመቷ ነው። መራመድ የሚባል ነገር ስለማታውቅ፣ ሁልጊዜ ስለምትዘል፣ ፌንጣ ነው የሚሏት። እስከዚያ ቀን ድረስ አያቷ ቤት የመጣችው በዓመት ሁለቴ፣ ከእናቷ ጋር፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ነበር። አሁን የምሽት ልብሷን፣ የጥርስ ብሩሽዋንና አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ይዛ መጣች። ቆርቆሮው ሙሉ ከረሜላ ነው። ልጇ እናቷን ወደ በሩ ዞር አድርጋ ድምፅዋን ቀነስ አደረገች።

«እማ፣ የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። መቼ እንደምትበላ፣ ስንት እንደምትበላ የምትወስነው ራሷ ናት። ቤታችንም እንደዚህ ነው። አትናገሪያት። ፊትሽንም አትቀይሪባት። ያን ፊትሽን አውቀዋለሁ። አንድ ጊዜ ካየችው ሁለተኛ አላመጣልሽም።»

ጥርስ ሠሪዋ እሺ አለች። ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም የሚለው ተረት ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠችው። ሁለተኛ አላመጣልሽም የሚለው ቃል ግን አልዋጥ አላት። ይህች ልጅ ከሄደች ወዲያ ቤቱ ውስጥ የሚቀራት ማሽኑ ነው፤ ይህን ደግሞ ማንም ሳይነግራት ታውቃለች።

በመጀመሪያው ቀን ፌንጣ ቆርቆሮውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጣ ከረሜላዎቹን በየቀለማቸው ለየቻቸው። ምሳ ሳይቀርብ አራቱን በላች፤ ከምሳ በኋላ ሦስት ደገመች። አያትየው ጥርሷን ነክሳ፣ ያንኑ የሠራችውን ማለቴ ነው፣ ማሽኗ ጋ ሄዳ የማንም ያልሆነ ጄሶ ዱቄት እስኪሆን ሞረደች። እያንዳንዷ ከረሜላ ስትቆረጠም ድምፁ በማሽኑ ጩኸት መሀል እንኳ ይሰማታል። ሠላሳ አራት ዓመት ሙሉ የሰው አፍ እንዴት እንደሚያልቅ ያየች ሴት ናት፤ ቸኩላችሁ አትፍረዱባት።

ማታ ደግሞ አንድ የሚያናድድ ነገር መጣ። ፌንጣ ማንም ሳይነግራት ብሩሽዋን ይዛ በርጩማ ላይ ወጣችና ጥርሷን ፋቀች፤ የፊቱን፣ የኋላውን፣ የጎኑን። አያትየው ሂጂ ጥርስሽን ፋቂ ልትላት አፏን አሰናድታ ነበር፤ የምትለው ቀረባት። የአልጋዋን ግማሽ ለልጅቷ ለቃ ተኛች። ጥርሷን ሁልጊዜ እንደምታደርገው አውልቃ ብርጭቆ ውስጥ ማስቀመጥ ስለማትችል ከነጥርሷ ነው ያደረችው። ጠዋት ድዷ ቀልቶ አበጠ፤ ሾርባ እንኳ ሲነካው ያቃጥላታል። ቢሆንም ጀርባዋን ተደግፋ ስትተነፍስ ያደረች ትንሽ ልጅ ነበረች፤ ለዚያ ድድ ቢቃጠል ምን አለበት ብላ ተወችው።

ሁለተኛው ቀን እንደ መጀመሪያው ሄደ፤ ልዩነቱ ፌንጣ ከረሜላዎቹን ረስታ ከጄሶዎቹ ጋር መዋሏ ነው። ለእያንዳንዱ መንጋጋ ስም ስታወጣ ዋለች። አንዱን ኩሩ፣ አንዱን አኩራፊ፣ አንዱን እንቅልፋም አለችው። ይህ ሰውዬ ምን ይበላል፣ ይህችኛዋ ማንን ታገባለች ትላለች። አያትየው አታውቅም። ሠላሳ አራት ዓመት አብራቸው ስትኖር ጠይቃ አታውቅም። ያን ቀን ማሽኑን ማስነሳት እንደረሳች ትዝ ያላት ማታ ነው።

ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ፌንጣ ከጠረጴዛው ማዶ ቁጭ ብላ ቆርቆሮውን ወደ አያቷ ገፋችው። አያትየው እኔ አልበላም አለች። ለምን፣ ማን ከለከለሽ አለቻት። እውነትም ማን ከለከላት? የከለከለቻት እናቷ ከሞተች ሃያ ዓመት አለፋት።

«ራስሽ ወስኚ» አለች ፌንጣ። «ብትበዪም ባትበዪም እኔ ፊቴን አልቀይርም።»

ሥልሳ ዓመት ሙሉ እንዲህ ያላት ሰው የለም። ጥርስ ሠሪዋ ከቆርቆሮው ውስጥ ማማረጥ ጀመረች፤ ቀዩን ፈራችው፣ አረንጓዴውን አላመነችውም፤ በመጨረሻ ነጭ የወተት ከረሜላ፣ ክፋት የሌለበት የሚመስለውን፣ አነሳች። እንግዲህ ጥርስ ሠሪ ሆና ይህን መሳቷ ነው የሚገርመው። የወተት ከረሜላ አፍ ውስጥ ሲሞቅ እንደሚሳብና እንደሚጣበቅ ለደንበኞች በሚሰጠው ወረቀት ላይ ጽፋ የምትልከው እሷው ናት። ግን ጣዕሙ ምላሷ ላይ ሲፈስ ወረቀቱም ምክሩም ከአእምሮዋ ጠፉ። ጣፈጣት። ዓይኗን ጨፍና አኘከች፤ አንዴ፣ ሁለቴ። በሦስተኛው የላይኛውና የታችኛው መንጋጋ ተጣብቀው ቀሩ። ልታላቅቅ ስትታገል የላይኛው ሙሉ ለሙሉ ከድዷ ተነስቶ፣ ከረሜላውን እንደነከሰ፣ መዳፏ ላይ ወደቀ።

ፌንጣ ጥርሱን አየችው፤ ከዚያ የአያቷን የተሸበሸበ አፍ አየች። ዓይኗ አፍጥጧል፤ ፊቷን ግን፣ እንዳለችው፣ አልቀየረችም።

«ብዙ ከረሜላ በልተሽ ነው?» አለች።

አያትየው አፏን በእጇ ሸፍና ራሷን ነቀነቀች። አንድም በልቼ አላውቅም፣ ይህ የመጀመሪያዬ ነው አለቻት፤ ያለ ጥርስ ስትናገር ድምፅዋ የሌላ ሰው ይመስላል። አንድም? አንድም። ፌንጣ ይህን ነገር ትንሽ አሰበችበት።

«እንግዲያው ሁለቱንም አጣሽ» አለች።

ጥርስ ሠሪዋ አለቀሰች። መቼም ጥርስ ባዳ ነው፣ በሐዘንም ቢሆን ይስቃል ይባላል፤ ጥርሱ ሲወልቅ የሚቀረው ልቅሶ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። ያለቀሰችው ለጥርሷ አልነበረም። ከሳህን ፊት ለፊት ተቀምጦ ለነበረው ለዚያ ጄሶ ነው፤ አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እሱን እያየች ሳምንት ሙሉ ስለበላችው ምሳና እራት ነው። ፌንጣ ከወንበሯ ዘላ ወርዳ ጎኗ ቆመች።

እማዬ ታውቃለች ወይ ብላ ጠየቀች። አታውቅም። ልንገራት? አያትየው ምን በወጣሽ፣ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ ለማለት የሚያስፈልገው ድፍረት ሁሉ ነበራት፤ ለልጇ እንዲህ ስትል ነው የኖረችው። ግን የልጅቷ እጅ ክንዷ ላይ ነበር።

«አንቺ ወስኚ» አለቻት።

ይህን ቃል ከአፏ ማውጣት ከጥርሶቿ መርገፍ የባሰ አመማት። የቀረውን ቀን ሁሉ ፌንጣ በዞረች ቁጥር ልትናገር ነው እያለች ዋለች። በማግስቱ ጠዋት ልጅቷ ብሩሽዋን እያጠበች፣ እንደ ቀላል ነገር፣ ወስኛለሁ አለች፤ አልነግራትም፤ የአንቺ አፍ ስለሆነ አንቺ ነሽ የምትነግሪያት። ብላ ካልሲዋን ፍለጋ ዘለለች።

ልጇ ከሰዓት በኋላ መጣች። መጀመሪያ ያየችው የፌንጣን ፊት ነው፣ ቀጥሎ ቆርቆሮውን፣ ቀጥሎ የእናቷን ፊት። ፌንጣ ምንም እንዳልሆነች ሲገባት ትከሻዋ ወረድ አለ፤ አመሰገነች፤ ሻንጣውን አነሳች። እንደ እሑዱ ስልክ ሊያልቅ ነው፤ ደህና ነሽ ወይ፣ ደህና፣ ቻው። ጥርስ ሠሪዋ በዚህ ጊዜ የሥራ መብራቷን ከማሽኑ ላይ አነሳችና ለልጇ ዘረጋችላት።

«እሰሪው» አለቻት። «እስኪ አንድ ጊዜ አንቺ እዪኝ።»

ልጇ መብራቱን ስታይ ፊቷ ጠቆረ። ቢሆንም አሰረችው። እናትየው ወንበር ላይ ተቀምጣ ቀና አለችና መጀመሪያ የላይኛውን፣ ከዚያ የታችኛውን አውጥታ ጭኗ ላይ አደረገች፤ አፏን ከፈተች። ልጇ ጎንበስ ብላ ለረጅም ጊዜ አየች። መብራቱ የእናቷን ባዶ ድድ፣ ያበጠውንና የቀላውን ቦታ ሁሉ አንድ በአንድ አሳያት።

መቼ ነው አለቻት። ሰባት ዓመት ሲሞላሽ አለች እናትየው። ልጇ ሒሳቡን ሠራችው፤ የማታው መብራት የጀመረው በዚያው ዓመት ነው።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እንዳትፈሪ ብዬ።»

«እማ» አለች ልጇ፣ መብራቱን ከግንባሯ እየፈታች፣ «እኔ እኮ ያደግሁት ፈርቼ ነው።»

ጥርስ ሠሪዋ ይቅር በዪኝ አለች፤ ጥርሷን መልሳ ሳታደርግ ስላለችው ቃሉ ጥርት ብሎ አልወጣም፤ ልጇ ግን ሰምታዋለች። አልተቃቀፉም። እነዚህ ሰዎች መተቃቀፍ አያውቁበትም። ልጇ መብራቱን ቦታው መልሳ ገመዱን በደንብ ጠቀለለችው፤ ልጅ ሳለች እንዲያ ጠቅልዪው እየተባለች ነው የተማረችው።

በሩ ላይ ልጇ ወደ ፌንጣ ዞረችና በሚቀጥለው ቅዳሜ አያትሽ ጋ መምጣት ትፈልጊያለሽ ወይ አለቻት። አያትየው አራት ቀን የጠበቀችው ይህን ነው። ፌንጣ ቆርቆሮዋን ታቅፋ ከልቧ አሰበች።

«አላውቅም» አለች። «ቅዳሜ ሲደርስ አስብበታለሁ።»

ጥርስ ሠሪዋ ፊቷን አልቀየረችም። ከአራቱ ቀን ሁሉ የከበዳት ይህ ነው፤ ሰባት ከረሜላ ምን አላት። እሺ፣ አስቢበት አለቻት። በሩ ከተዘጋ በኋላ ነው ፊቷን እንደፈለገችው ያደረገችው፤ የሚያያት ጄሶ ብቻ ነበር። ኩሩ፣ አኩራፊና እንቅልፋም።

ቅዳሜ ጠዋት ማሽኑን አላስነሳችም። ማሽኑ ከጮኸ በሩ ሲንኳኳ አይሰማም። ያለ ድምፅ ቤቱ ይህን ያህል ሰፊ መሆኑን አታውቅም ነበር። አልጋውን አነጠፈች፣ ያነጠፈችውን ደግማ አነጠፈች፣ በርጩማውን ከመታጠቢያው ሥር አስተካከለች። አራት ሰዓት ሆነ። አራት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ፤ ልጇ ናት፤ ገና ከሰላምታው ጥርስ ሠሪዋ ገባት። ፌንጣ ጓደኛዋ ቤት መሄድን መርጣለች። እዚያ የሚዘለልበት ነገር አለ።

ጥርስ ሠሪዋ ደግ አደረገች አለች። ማሽኑ ጋ ያለ ሥራ አለብኝ ልትል አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። ወዲያ ማዶ ልጇም አልዘጋችም።

«እማ» አለች ልጇ በመጨረሻ፣ «እኔ ግን ልምጣ?»

«ነይ» አለች። ሌላ ቃል ብትጨምር የምታበላሸው መሰላት።

ስልኩን እንዳስቀመጠች ነጠላ ጫማዋን ሳትቀይር ወደ ሱቅ ወረደች። ባለሱቁ ሃያ ዓመት ዳቦና እንቁላል፣ ሲበዛ ሳሙና፣ ሲሸጥላት የኖረ ሰው ነው፤ ከረሜላ ስጠኝ ስትለው መጀመሪያ የምታሾፍበት መሰለው። ከዚያ የብርጭቆ ዕቃዎቹን ክዳን እየከፈተ ደረደረላት፤ ቀዩን፣ ቢጫውን፣ አረንጓዴውን፣ የሚታኘከውን፣ ጠንካራውን፣ በእንጨት የተሰካውን።

«ለልጅ ነው እትዬ?»

«ለልጄ ነው።»

«ስንት ዓመቷ ነው?»

«ሠላሳ አራት።»

ባለሱቁ ጨዋ ነው፤ ሳቁን ዋጠው። የትኛውን ትወዳለች አላት።

ጥርስ ሠሪዋ በዕቃዎቹ ላይ እንዳጎነበሰች ቆመች። ቀዩን ይሆን? አንዲት ቀይ ብቻ ናት የምታውቃት፤ እሷም ብትሆን ጓደኛዋ የሰጠቻት እንጂ ልጇ የመረጠቻት አይደለችም። የልጇን አፍ እያንዳንዱን ጥርስ በልቧ ታውቀዋለች፤ ዛሬም ዓይኗን ጨፍና በሰም ልትቀርጸው ትችላለች። ያ አፍ ምን እንደሚወድ ግን አታውቅም።

«ከየዓይነቱ አንድ አንድ አድርግልኝ» አለችው።

ባለሱቁ ከወረቀት ጥቅል ሠርቶ ከዳር ማንሳት ጀመረ።